ሸራው ወዲህ፣ ምሰሶው ወዲያ

ደብረ ታቦር እህል በረንዳ ውስጥ ሙላቴን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። «አንተ ትከሻ!» ይሉታል፣ ይመጣል። ኩንታሉን ሲጭኑበት ጉልበቱ ትንሽ ጎበጥ ይልና ይቃናል፤ ከዚያ አንገቱን ቀልሶ ወደ መኪናው ነው። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬቱን ያያል። ነገር ሲጠየቅ መልሱ ጠፍቶት አይደለም። ያውቀዋል፣ ግን አፉ ላይ ሲደርስ ያፍርበታል።

የተወለደው ከገሳይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። አባቱ ሲሞቱ መሬቱን ወንድማማቾቹ ተካፈሉትና ለሱ የደረሰው ከገደሉ አፋፍ ያለው ጭንጫ ሆነ። ገብስ ዘራበት፤ ገብሱም እንደሱ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ትቶት ወደ ከተማ መጣ። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ «ቀ» ላይ ሲደርስ አጨዳ ደረሰና እዚያው ላይ ተወው።

ሚስቱ ፈንታነሽ ግን አንገት የምትደፋ ሴት አይደለችም። መናኸሪያው በር ላይ የገሳይ ድንች ቀቅላ፣ በበርበሬና በጨው አድርጋ ትሸጣለች። ሹፌሩም ረዳቱም «እታለም ፈንታ» እያለ ነው የሚያልፈው። ከሁለቱ የምትናገረው እሷ ነበረች፤ እሱ ይሸከማል፣ እሷ ትናገራለች፣ እንዲህ ሆኖ ነው ቤታቸው የቆመው። ልጅ አልወጣላቸውም። አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ ዳዴ ሳትል ሞታ፣ ከዚያ ወዲህ እግዜርም ዝም አለ። ስለዚህ ፈንታነሽ ጠዋት ጠዋት ወደ ማርያም ዞራ ስትሳለም ሀብት አትለምንም፣ ዕድሜም አትለምንም። «ቀባሪ አታሳጪኝ» ነው የምትለው። ልጅ የሌለው ሰው ቀባሪው እድሩ ነውና፣ የሰፈሩ የማርያም እድር ለሷ እንደ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

የእድሩ ዳኛ አቶ አያሌው ይባላሉ፣ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሙላቴ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው የሳቸውን ስንዴ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሕግ የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በወርቁ ሞት ነው። ወርቁ እንደ ሙላቴ ተሸካሚ ነበር፤ ወገቡን ታሞ ብዙ ጊዜ ተኛ፣ የእድሩን መዋጮ አቋረጠ፣ ተሰረዘ። ሲሞት ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልመጣም፣ አግዳሚ አልመጣም፣ የንፍሮ ድስት አልመጣም። ተሸካሚዎቹ ሬሳውን በእህል በረንዳው የእጅ ጋሪ ጭነው በጭቃው ውስጥ እየገፉ ወሰዱት። አንዱ ጎማ እየጮኸ ነበር። ሙላቴ የጎማው ጩኸት ሰው እንዳይሰማ ብሎ ይመስል፣ በዚያ በኩል ሆኖ ጋሪውን ከፍ ከፍ ያደርገው ነበር።

መንገድ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላቸው ተከተለ። መምህር ዳኛቸው ነው፣ የታሪክ አስተማሪው፣ በደርግ ጊዜ ታስሮ የወጣው። ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ እንዲህ አለ፦

«የዚህ ሰው ትከሻ የስንቱን ጎተራ ሞላ? ሲሞት ግን አንድ ድንኳን አልተገኘለትም። ይህን እግዜር አላመጣውም። ሰው ነው ያመጣው፤ ሰው ያመጣውን ደግሞ ሰው ይመልሰዋል።»

ሙላቴ በሕይወቱ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም። ቤቱ ሄዶ ለፈንታነሽ ሊነግራት ፈለገ፣ ግን በሱ አፍ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። «አንድ መምህር ጥሩ ነገር ተናገረ» ብቻ አላት።

«ምን አለ?»

«ስለ ድንኳን።»

«ይሁን» አለች፣ ድንቿን እየላጠች።

እንግዲህ መምህር ዳኛቸው ከአዲስ አበባ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ፓርቲ ያቋቋመው ያኔ ነው። «ወገን የድሆች ፓርቲ» አሉት፤ ሰዉ ግን «ወገን» እያለ ይጠራው ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረችው አሉ። ደብረ ታቦር ላይ ግን ድንኳን ነበረው። መምህሩ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እሱ ነው፤ ስብሰባም ሳይጠራ፣ ወረቀትም ሳይበትን፣ እድር አቋቋመ። ከማንኛውም እድር የተሰረዘ፣ መክፈል ያቃተው፣ ተሸካሚው፣ ጭቃ ለሳኙ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሸክላ ሠሪዋ የሚገቡበት። የቻለ ያዋጣል፣ ያልቻለ በጉልበቱ ያግዛል። ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የወጣ አረንጓዴ ሸራ ተገኘ። ሰውነት የሚባል አናጺ ከባሕር ዛፍ ምሰሶዎቹን ጠርቦ ሰጠ። መምህሩ በቀይ ቀለም በሸራው ላይ «ወገን» ብሎ በትልቁ ጻፈ፤ ሙላቴ የቀለሙን ጣሳ ይዞለት ነበር።

«አንብበው እስቲ» አለው መምህሩ።

ሙላቴ ፊቱ ጋለ። ከሦስቱ ፊደሎች አንዱም ከ«ቀ» በፊት ያለ አልነበረም።

መምህሩ ገባውና አልሳቀበትም። ጣቱን ይዞ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስነካው። ለብዙ ቀን የሙላቴ ጣት ቀይ ነበር። ፈንታነሽ «ምን ነካህ፣ ቆረጠህ እንዴ?» ስትለው ሳቀ። ሙላቴ ብዙ አይስቅም ነበር።

ድንኳኑን የሚጠብቅ፣ የሚተክልና የሚነቅል ሰው ሲፈለግ መምህሩ «ጓድ ሙላቴ ይያዘው» አለ። ድንኳኑ የሚያድርበትን የመጋዘን ቁልፍ ሰጡት። ከቤቱ ቁልፍ በቀር ቁልፍ ይዞ የማያውቅ ሰው ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር አሠረው።

«እኔን ደግሞ ጓድ በለኝ» አለው መምህሩ። «እርስዎ ምናምን አያስፈልግም። እኩል ነን፤ አንተ በለኝ።»

«እሺ ጓድ መምህር፣ እንዳሉ» አለ ሙላቴ።

ከዚያ ያ ውሳኔ መጣ። መምህር ዳኛቸው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ የወገን አባል የሆነ ሰው በነጋዴዎቹ እድር ውስጥ መቆየት የለበትም አለ። «አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ አይሆንም። ወርቁን በጋሪ ያስገፉት ሰዎች ድንኳን ሥር ተቀምጠን ወገን ነን ማለት አንችልም።» ሁሉም አጨበጨበ። ሙላቴም አጨበጨበ፣ እጁ ግን በመሀል ፈንታነሽን አስታወሰ።

እሑድ የማርያም እድር ሲሰበሰብ ሄዶ ቆመ። ተራው ሲደርስ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ጋሼ አያሌው... እኔ መውጣቴ ነው።»

«ወዴት ነው የምትወጣ?»

«ከእድሩ።»

አንድ ሽማግሌ ከጥግ፦ «ከእድር የሚወጣው ሰው ተሸክሞ ሲያወጣው ነው እንጂ፣ በእግሩ ሲወጣ ገና ዛሬ አየሁ!» አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ አያሌው አልሳቁም።

«ልጄ ሙላቴ፣ ሕጉን ታውቃለህ። በገዛ እጁ የወጣ ሰው ቢመለስ ሽማግሌ ልኮ ነው፤ ያም ሆኖ ዓመት ይጠብቃል። እዚያ መሀል ሞት ቢመጣ እኛ የለንበትም። ለሚስትህ ነግረሃታል?»

«ነግሬያታለሁ» አለ። አልነገራትም።

ማታ ሳይሆን እዚያው ቀን ነው የሰማችው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ወሬ ከሰው ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ሞቴን ወስደህ ለፓርቲ ሰጠኸው?»

«ፈንታ፣ እስቲ ስሚኝ...»

«ሞትህን ብትሰጥ ግድ የለኝም፣ የራስህ ነው። የኔን ማን ስጥ አለህ? እኔ ማን አለኝ? ልጅ አለኝ? ገሳይ ያሉት ወንድሞችህ ናቸው እኔን የሚያነሡኝ?»

ያን ጊዜ ሙላቴ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ተናገረ። «ሕዝብ ነው የሚቀብርሽ፣ ፈንታ። ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር ያለ ሕዝብ። ማርያምን! ድንኳኑን በገዛ እጄ ነው የምተክልልሽ።»

«ሕዝብ የሚባል ሰው መጥቶ ድንቼን በልቶ አያውቅም» አለች። «እኔ የማውቀው እነ አያሌውን ነው።» ግን በማርያም ስለማለ፣ ከዚያ ወዲያ አልጨመረችም።

ደግሞ እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ነገሩ አማረ። አንዲት ጠላ ሻጭ እናቷ ሲሞቱባት፣ በፊት ቢሆን ዘመድ ደጅ ትጠና ነበር፤ አሁን ግን ጎሕ ሲቀድ አረንጓዴው ድንኳን ደጇ ላይ ቆሞ አገኘችው። ተሸካሚው ሁሉ መጣ። ሬሳውን እየተቀባበሉ ሲወስዱ ተሸካሚ በዝቶ ትከሻ የሚያስገቡበት ቦታ ጠፋ። ፈንታነሽ ራሷ ንፍሮውን ቀቀለች። ስትመለስ «ዛሬስ ሰው መስለህ ነበር» አለችው። ለሙላቴ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም።

ወሬው ሄደ። ከአንበሳሜ ሰው መጣ፣ ከገሳይ ገበሬ መጣ። ወገን የሚባል አለ፣ ድሃን ያለ ድንኳን አይቀብርም ተባለ። መምህሩ ስለ መሬት፣ ስለ ላብ፣ ስለ ድሆች መንግሥት ይናገራል፤ ሰዉ ይሰማል፤ ግን ሙላቴ እንደሚያየው ሰዉ የሚያየው ከመምህሩ ራስ በላይ ያለውን ሸራ ነበር። በኳስ ሜዳው ስብሰባ ላይ መምህሩ ድንገት «ጓድ ሙላቴ ጥቂት ይበለን» አለ። ሙላቴ ተነሣ፣ ምሰሶውን ጨብጦ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ «ገመዱ እንዳይጠልፋችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሕዝቡ አጨበጨበለት።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሲቃረብ ፓርቲው ምልክት መምረጥ ነበረበት። አንዱ ፋኖስ አለ፣ አንዱ ማጭድ አለ። አናጺው ሰውነት ግን ጠረጴዛውን መታና፦ «ሰው የሚያውቀን በምንድን ነው? በድንኳናችን! ድንኳን ይሁን!» አለ። ሁሉም እውነት ነው አለ። ሙላቴ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ቤት ሄዶ ሲነግራት ፈንታነሽ ድንቹን ጥላ ቀና አለች። «የለቅሶ ድንኳን? አብዳችኋል እንዴ? ማን ነው በገዛ እጁ የለቅሶ ድንኳን የሚመርጥ?»

«ሰዉ ይወደዋል።»

«የሰው ደጅ ላይ ሲሆን ይወደዋል።»

ሙላቴ ሳቀባት። በኋላ ብዙ ጊዜ ያስታወሰው ይህን ሳቅ ነው።

የድንኳን ሥዕል ያለበትን ወረቀት ይዘው ገሳይ ገበያ ወጡ። ሙላቴ ለአገሩ ሰው በገዛ እጁ ሊያድል ነበር የሄደው። መጀመሪያ ያገኛት ሴት ወረቀቱን አየችና እጇን ሰበሰበች። «ወዲያ! ወዲያ በልልኝ! እኔ ቤት ሞት የለም!» ሁለተኛዋ አማተበች። አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት፣ የሙላቴን አባት የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«የምትሠሩት ሁሉ ደግ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ስሞት ድንኳናችሁን እመርጣለሁ። በሕይወት ሳለሁ ግን እስቲ ሌላ ልይ።»

ገበያው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌሎቹ ፓርቲዎች ጎረምሶች በየሄዱበት «የለቅሶ ፓርቲ መጣ! ነጠላ አዘቅዝቁ!» እያሉ ይከተሏቸው ጀመር። መምህሩ አጉል እምነት ነው፣ ሕዝቡ ይነቃል እያለ ተከራከረ። ሕዝቡ ግን ነቅቶ ነበር፤ ሞትን ነው የፈራው፣ እሱን ደግሞ ማን ይነቅፈዋል።

ምርጫው አለፈ። ወገን አንድም ወንበር አላገኘም። ገሳይ ላይ የወጣው ድምፅ የሙላቴን ወንድሞች ቤት እንኳ የማይሞላ ነበር። ከዚያ ግርግሩ መጣ፣ እስሩ መጣ። መምህር ዳኛቸውንም ወሰዱት። ድንኳኑ ደግሞ ሰው መሰብሰቢያ ነው ተብሎ መጋዘኑ ተሰብሮ ተወሰደ፤ ቁልፉ ሙላቴ አንገት ላይ ቀረ።

መምህሩ ታስሮ ሳለ አባሉ እየሾለከ ሄደ። ማንም ወጣሁ አላለም። ጭቃ ለሳኙ ሽማግሌ ላከ፣ ጠላ ሻጯ ሽማግሌ ላከች፤ እያንዳንዱ ወደ ቀድሞ እድሩ ተመለሰ። መንገድ ላይ ሙላቴን ሲያገኙት ዕቃ እንደጣለ ሰው መሬት ያያሉ። ፈንታነሽ «እኛስ?» አለች።

«መምህር ታስሮ ሳለ? ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሃል! እሱ እስር ቤት፣ እኔ ደጅ ላይ፤ አንተ ለሱ ታስባለህ።»

መምህሩ ሲፈታ ጠጉሩ ነጥቶ፣ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ሙላቴ ድንኳኑን ለማስመለስ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ከረመ። «ምንህ ነው?» ሲሉት «ድንኳኔ ነው» ማለት ያፍር ነበርና፣ «የለቅሶ ነው» ይል ነበር። በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሰጡት። ሸራውን አይጥ በልቶታል፣ ዝናብ አበስብሶታል። ቀዩ ጽሑፍ ግን ነበረ። ፈንታነሽ ቀዳዳውን በሲባጎ ጣፈችለት።

ያም አልበቃ ብሎ ፓርቲው አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከትልልቆቹ ጋር ግንባር እንግባ፣ ግማሹ አንገባም አለ። ደብረ ታቦር ላይ የቀሩት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ የሚያልቁ ነበሩ፤ እነሱም ለሁለት ተከፈሉ። መምህሩ አንገባም አለ፣ አናጺው ሰውነት እንገባለን አለ። ነገሩ ከሮ መሰዳደብ ሲመጣ ሰውነት ተነሣ።

«በሉ እንግዲህ ድንኳናችንን ስጡን!»

«ድንኳኑ የፓርቲው ነው» አለ መምህሩ።

«ፓርቲው እኛ ነን!»

«ጓድ ሰውነት፣ አድር ባይ ድንኳን አያስፈልገውም፤ በነፈሰበት ይጠለላል።»

«እንዲህ ነው? ምሰሶውን ማን ጠረበው? እነዚህ እጆች! የኔን ምሰሶ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሸራችሁን አየር ላይ ስቀሉት!»

እንዳለውም ምሰሶዎቹን ያንኑ የእህል በረንዳ ጋሪ ላይ ጭኖ ሄደ። ጎማው አሁንም ይጮህ ነበር። ሸራው ከመምህሩ ወገን ሆነና ሙላቴ ቤት ገባ። ፈንታነሽ አልጋ ሥር ሲያስገባው እያየች ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት፣ ሳሉ ደግሞ አልቆም አለ። «ድንኳን ተካፍሎ የሚጠለል ሰው... እኔስ... አይቼ አላውቅም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

ያ ሳል ጉንፋን አልነበረም። እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ልብ ነው አላት። መናኸሪያው ድረስ ለመሄድ መንገድ ላይ ታርፍ ጀመር። «ሂድና ሽማግሌ ላክ» አለችው። ሙላቴ እሺ ይላል፣ ይወጣል፣ ደግሞ በመምህሩ በር ሲያልፍ መምህሩ ብቻውን ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ያያል። ጓድ ሙላቴ ብሎ የሚጠራው ሰው እሱ ብቻ ነበር። እንዴት ይተወዋል? ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ነጎደ።

አንድ ቀን ንጋት ላይ የማርያም እድር ጡሩምባ ተነፋ። ሙላቴ ጆሮው ቆመ። እህል በረንዳ ሲደርስ ነው የሰማው፤ የመምህር ዳኛቸው ባለቤት፣ ወይዘሮ ኤሌኒ፣ ዐርፈዋል። ሌላ ነገር አላሰበም። ሮጦ ቤቱ ገባ፣ ሸራውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ገመድ ያዘ። ምሰሶ ባይኖር ከግድግዳ ወደ ዛፍ እወጥረዋለሁ እያለ ዳገቱን ወጣው። የማርያም እድር ጡሩምባ ለመምህሩ ቤት ለምን እንደተነፋ አልጠየቀም፣ ሮጠ ብቻ።

የመምህሩ ግቢ ውስጥ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የማርያም እድር ድንኳን። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ አቶ አያሌው ሰው እያስቀመጡ ነው። መምህሩ ጋቢውን ትከሻው ላይ አድርጎ መሀል ተቀምጧል። አንዱ እድርተኛ ሙላቴን አየና «አያ ሙላቴ፣ ሸራው ለምንድን ነው? ዝናብ መጣ እንዴ?» አለው።

መምህሩ ተነሥቶ ከቤቱ ጀርባ ወሰደው።

«እድሩ በኤሌኒ ስም ነበር» አለው። «እሷ ናት... እኔ አላውቅም ነበር።» ደግሞ ቃሉን መልሶ፦ «አውቅ ነበር። ከለከልኳት፣ እንቢ አለች። ከዚያ ዝም አልኩ።»

«እግዜር ያጥናዎ፣ ጓድ መምህር» አለ ሙላቴ። ሄዶ የአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ሸራውን በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ ተቀመጠ። ንፍሮ ሲዘግኑለት ተቀበለ።

ቤት ሲመለስ ፈንታነሽ ሰምታለች። ትሰድበኛለች ብሎ ነበር፤ ብትሰድበው ይሻል ነበር። «በል አሁን ሽማግሌ ላክ» ብቻ አለችው፣ በቀስታ።

ሽማግሌ ተላከ። አቶ አያሌው ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ ይቅርታውንም ሰጡ። «እንኳን ተመለሰ። ግን ሕግ ነው፣ ዓመት ይጠብቅ። ለሱ ብዬ ባፈርሰው ነገ ሁሉም ያፈርሰዋል።» ሙላቴ ይህን ለፈንታነሽ ሲነግራት ትራሷን ተደግፋ ፈገግ አለች።

«ዓመት ጠብቂ አሉኝ? እሺ። እሞክራለሁ በላቸው።»

ሞከረችም። ክረምቱን እንደምንም ወጣች። መስቀልን አየች። ድንቿን ተቀምጣ ትቀቅላለች፣ ሙላቴ ተሸክሞ መናኸሪያ ያደርስላታል፣ እሷን ደግሞ ከኋላ ደግፎ። ዓመቱ ሳይሞላ ግን፣ በኅዳር፣ ጠዋት ሊቀሰቅሳት ሲል አልተቀሰቀሰችም።

ጡሩምባ አልተነፋም። ሰፈሩ እንደወትሮው ነቃ፣ በሩን ከፈተ፣ ከብቱን አወጣ። መሞቷ የታወቀው መናኸሪያ ላይ ነው፤ ረዳቶቹ ድንች ሊበሉ መጥተው ቦታዋ ባዶ ሲሆንባቸው «እታለም ፈንታ የት ሄደች?» ብለው ሰው ላኩ።

ሙላቴ ሰውነት ቤት ሄደ። ሰውነት ከግንባሩም ወጥቶ፣ ከፓርቲም ወጥቶ፣ ጠላ ቤት ከፍቶ ነበር። ሙላቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀና ሲል ምሰሶዎቹን አያቸው። የጠላ ቤቱን የቆርቆሮ ዳስ የተሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ገመድ እንደበላቸው አንገት አንገታቸው ላይ ይታወቃል።

«ፈንታነሽ ሞተችብኝ» አለ።

ሰውነት ራሱን ያዘ። ከዚያ አንዱን ምሰሶ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ነቀነቀው፣ ወደ ላይ አየ። ቆርቆሮው ተንኳኳ። «ብነቅለው ጣራው ይወርዳል፣ ሙላቴ።»

«አትንቀለው» አለ ሙላቴ።

ሸራውን በአንድ ወገን ከቤቱ ግድግዳ፣ በሌላ ወገን ከባሕር ዛፍ አሠረው። መሀሉ ረገበ። ጥቂት ተሸካሚዎች መጡ፣ ረዳቶቹ መጡ፣ ጎረቤት በአንድ በአንድ ጎራ አለ፤ አግዳሚ ስላልነበረ ቆመው አጽናንተው ሄዱ። መምህር ዳኛቸው መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ሊናገር ፈልጎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሸራውን ቀና ብሎ አየና ተወው። አቶ አያሌውም መጡ። «እድሩ ነው ያልመጣ። እኔማ መጥቻለሁ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ እንባ ነበር፣ የውነት እንባ። እንባው ግን አግዳሚ አይሆንም።

ሙላቴ ጋሪ አላስመጣም። በአልጋ ተሸከሟት። ማርያም ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ተቀባይ ሲኖር ነው የሚያጥረው። ተቀባይ አልነበረም። መንገዱ መሀል ላይ አንዱ ሽማግሌ ተሸካሚ ጉልበቱ ከዳውና ቆሙ። ሐዘንተኛ ሬሳ አይሸከምም፣ ወግ አይደለም። ሙላቴ ዙሪያውን አየ። ከኋላው ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር ባዶ መንገድ ነበር። ትከሻውን አስገባ። ኩንታል ሲጭኑበት እንደሚያደርገው ጉልበቱ ትንሽ ጎበጥ አለና ተቃና። ቀላል ነበረች። ያ ነው የገደለው፣ መቅለሏ።

ወንድሞቹ ከገሳይ የደረሱት በማግስቱ ነው። የሰማን ዛሬ ነው አሉ።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ሙላቴ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ ከሰዓት፣ እህሉ ገና ከአውድማ እየገባ ሳለ፣ ያልታሰበ ዝናብ አጉረመረመ። የአቶ አያሌው ስንዴ ደጅ ላይ ተከምሮ ነበር። ሰዉ ሸራ ፍለጋ ሲራወጥ ሙላቴ ቤቱ ሄዶ ተሸክሞ መጣ። ጽሑፉን ወደ ታች፣ ወደ እህሉ፣ ገልብጦ አለበሰው። ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫነበት።

አቶ አያሌው የተጣፈውን ቦታ በእጃቸው ነካ አደረጉት። «ይኸ የፓርቲያችሁ አይደለም እንዴ?»

«ነበር።»

«አንተስ መጠለያ አያስፈልግህም?»

ሙላቴ መሬት መሬቱን አየ። አቶ አያሌው እንደ ማጽናናት አድርገው፦ «ዓመቱ ሊሞላ ነው፣ ልጄ። ስምህ ይጻፋል። መዋጮህም አሁን የአንድ ሰው ነው» አሉት።

ዝናቡ ሸራውን መደብደብ ጀመረ። ከመኪናው በኩል አንዱ ጮኸ።

«አንተ ትከሻ!»

ሄደ።